«አስመሰልኩ እንጂ አስመሳይ አይደለሁም»፦ «መሰለ» የሚለው ቃል ትርጉሙ እስከ የት ይደርሳል?

መምህር ዘአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ ደግሞ የድራማ ክበቡን እመራለሁ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ የተናገራት አጭር ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ስታብሰለስለኝ ስለ ከረመች ለእናንተ ላቀርባት ወደድኩ።

ልጆቹን ለማለማመድ «የምታውቁትን ሰው ስሙን ሳትጠሩ አሳዩን» አልኳቸው። ልጁ ተነሣና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፤ የሌለ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደ፤ የሌለ የቁልፍ ዘለላ በጣቱ እያሽከረከረ የኋላውን ወንበር ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ ተመለከተ፤ በመጨረሻም ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ተማሪው ሁሉ አውካካ። ማን እንደሆነ ሁሉም አውቀዋል፤ እኔም አውቄያለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። በዚህ መካከል አንዲት ልጅ ከኋላ «አንተ አስመሳይ!» አለችው። ሳቁ ገና ሳይበርድ የልጁ ፊት ተለወጠ። «አስመሰልኩ እንጂ አስመሳይ አይደለሁም» ብሏት ሄዶ ተቀመጠ።

ልጁ ትክክል ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ ግን ማስረዳት አቃተኝ። የሠራው ሥራ ማስመሰል ከሆነ ሠሪው አስመሳይ መባሉ ለምን ያስከፋዋል? የዘፈነ ዘፋኝ ቢባል፣ ያረሰ አራሽ ቢባል የሚቆጣ የለም።

ጉዳዩ ለእኔ ከክፍል ወሬ ያለፈበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። ለክበቡ ስለ ቴአትር መነሻ አንድ ገጽ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ግሪኮች «ሚሜሲስ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ ያዩትን ነገር በሥዕል፣ በቅኔ ወይም በመድረክ መስሎ ማሳየት እንደ ማለት ነው። ፈላስፋው አፍላጦን (ፕላቶ) ሠዓሊንና ባለ ቅኔን የነቀፈበት፣ ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) ደግሞ መልሶ ያከበረበት ቃል ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው ድርሳን አራተኛ ምዕራፍ ላይ ሰው ከሌሎች እንስሳት የሚለየው ከሁሉ ይልቅ ወደ ሚሜሲስ በማዘንበሉ እንደሆነና የመጀመሪያ ትምህርቱንም በዚሁ መንገድ እንደሚያገኝ ያስረዳል። እኔ ይህንን ወደ አማርኛ መልሼ «ሰው ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ አስመሳይ ነው» ብዬ ጻፍኩት። መልሼ ሳነበው ደነገጥኩ፤ ፈላስፋው የሰውን ተሰጥዎ ሊያመለክት የጻፈውን እኔ ስድብ አድርጌው አርፌያለሁ።

ለጊዜው የያዝኩት መላ ምት ይህ ነው። «መሰለ» ብቻውን ንጹሕ ቃል ነው፤ ልጅ አባቱን ይመስላል፣ ዝናብ የሚመጣ ይመስላል፣ ሰውም ወዳጁን «ምን ይመስልሃል?» ብሎ ሐሳቡን ይጠይቃል። «አስ» የምትባለው ቅጥያ ስትጨመርበት ግን የሰው እጅ ይገባበታል፤ እጅ ከገባበት ደግሞ ጥርጣሬ ይከተላል። ልክ ነኝ?

ብሩሽ

መምህር፣ ልክ አይደሉም ብል አይቀየሙኝ። እኔ በዚሁ በአዳማ የሱቅ ሰሌዳ በመጻፍና ሥዕል በመሣል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የምበላው በዚያችው እርስዎ በጠረጠሯት «አስ» ነው። በሙያችን «አስመስሎ ሣለው» ከማለት የሚበልጥ ምስጋና የለም።

አንድ ጊዜ ወደ ፍራንኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ለአንድ ሥጋ ቤት በሬ ስሥል ከገጠር የመጡ አዛውንት ዱላቸውን ተመርኩዘው ከኋላዬ ቆሙ። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ቀንዱን አስመስለኸዋል፤ ሻኛው ግን የላም ነው» አሉኝ። ከመሰላሉ ወርጄ ባየው እውነታቸውን ነው፤ ሻኛው ጠፍጣፋና ወደ ኋላ የተኛ ነበር። በማግስቱ ነጭ ቀለም ቀብቼ እንደገና ሠራሁት። እኒያ አባት «አስመስለኸዋል» ሲሉኝ ሰደቡኝ ሊባል ነው? በእጅ መሠራቱ እንዳላሳፈረኝ ነገሩ ራሱ ይመሰክራል፤ ያሳፈረኝ ሳይመስል የቀረው ሻኛ ነው።

ሰማንያ አንድ

ሰው «ጠጣሁ እንጂ ጠጪ አይደለሁም» ይል የለም እንዴ? ልጁ የተናገረው ያንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ መሥራት ሌላ፣ አመል ማድረግ ሌላ።

መምህር ዘአዳማ

ለሁለታችሁም አመሰግናለሁ። የብሩሽ በሬ መላ ምቴን ወግቶ ጥሎታል፤ «አስ» ብቻዋን ወንጀለኛ እንዳልሆነች ተቀብያለሁ።

የሰማንያ አንድ «ጠጪ» ጥሩ ንጽጽር ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አያደርሰንም። በመድረክ ላይ የታዋቂ ሰዎችን ድምፅ እያስመሰለ የሚያስቅ ባለሙያ ሥራው አመሉ ሆኗል፤ ሆኖም «ድምፅ አስመሳይ» ቢባል አይከፋውም፤ እንዲያውም በፖስተሩ ላይ ያጽፈው ይሆናል። «ድምፅ» የምትለውን አንሡና ብቻውን «አስመሳይ» በሉት፤ ወዲያው ሌላ ሰው ይሆናል። እንግዲህ ልዩነቱ የተመሰለው ነገር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በመጠራቱና ባለመጠራቱ ላይ ይሆን? ሠዓሊው በሬን አስመሰለ፤ ልጁ አንድን ሰው አስመሰለ፤ ሁለቱም የሚመስሉት ነገር ከእነርሱ ውጭ ቆሞ ይታያል፤ ተመልካቹም ሁለቱን እያስተያየ ይፈርዳል። እንዲያው «አስመሳይ» የተባለው ሰው ግን ምንን አስመሰለ? ወዳጅ ያልሆነው ወዳጅ፣ ያላዘነው ያዘነ መሰለ፤ ሥዕሉም ሸራውም እርሱ ራሱ ነው፤ የምናስተያይበት ነገር አልሰጠንም። ቃሉ ባዶውን የሚቆመው ለዚህ ይመስለኛል።

የአብነት ተማሪ

ወደ ግዕዙ ብንመለስ ብዙ ነገር ይጠራል። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመታት ቆይቻለሁ፤ መሪጌታ አይደለሁምና ስሳሳት አርሙኝ።

ዘሩ «መሰለ» ነው፤ ከእርሱም ምስል፣ አምሳል፣ ምሳሌ ይወጣሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 26 ግዕዙ «ንግበር ሰብአ በአርአያነ ወበአምሳሊነ» ይላል፤ አማርኛው «ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌአችን እንፍጠር» ብሎታል። እዚህ ላይ «ምሳሌ» መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ምሳሌ አይደለም፤ ተረትና ምሳሌም አይደለም፤ ወርዶ የተቀመጠ መልክ ነው። የዛሬው አማርኛችን «ምሳሌ»ን ለማስረጃና ለተረት ሰጥቶ ለመልኩ «አምሳያ» የምትለውን አስቀረ። አብሮት ያለው «አርአያ» ደግሞ «ርእየ» ማለትም «አየ» ከሚለው የወጣ ነው፤ አርአያ የሚታይ፣ አምሳል ታይቶ የሚከተል እንደ ማለት ነው። መምህር «የተመሰለው ነገር ከውጭ ቆሞ መታየት አለበት» ያሉት በግዕዙ ሁለት ቃል ጎን ለጎን ተቀምጦ የኖረ ነገር ነው።

መምሰል በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ትእዛዝ እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች «እኔ ክርስቶስን እንደምመስል እኔን ምሰሉ» ብሎ ጽፏል። የመልካም ሃይማኖት ሕይወትም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እግዚአብሔርን መምሰል» ነው የሚባለው። ወንጌሉ አስመሳዩን በስም ጠርቶ ሲነቅፈው ግን ስሙን ከዚህ ዘር አላወጣለትም፤ ግዕዙ «መደልዋን»፣ አማርኛው «ግብዞች» ብሏል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ለቅድስና የተሰጠ ዘር ለስድብ እንዳይውል የተጠነቀቁ ይመስላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በግዕዝ «ምስለ» የምትለው ቃል «ጋር» ማለትም ናት። በየቤቱ የሚሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል «ምስለ ፍቁር ወልዳ» የሚባለው «ከተወደደ ልጇ ጋር» ለማለት ነው።

ወለተ ማርያም

ይቅርታ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «የተወደደ ልጇ ምስል» ማለት ይመስለኝ ነበር። እናቴም እንደዚያው ይመስላት ነበር።

የአብነት ተማሪ

ለብዙ ሰው ይመስለዋል፤ ምስሉ ፊት ለፊት ተሰቅሎ እያለ «ጋር» ነው ብሎ ማሰብ አስቸጋሪ ነው። መምሰልና አብሮ መሆን ከአንድ ዘር መውጣታቸው ግን ከአህያ ጋር የዋለችው ጊደር ምን ተምራ እንደገባች ለሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ብዙም አያስገርምም።

የጡረታ ሰው

«ምስለኔ»ን ረስታችኋል። በንጉሡ ዘመን የምክትል ወረዳ ሹም ምስለኔ ይባል ነበር፤ «እኔን የሚመስል» ማለት ነው። ጌታው በሌለበት ጌታውን መስሎ የሚፈርድ ሰው ነበር። በ1909 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ የተሾሙበት «እንደራሴ» የሚለው ማዕረግም «እንደ ራሴ» ከማለት የመጣ፣ በዚያው መንገድ የሚሄድ ቃል ነው። አያቴ የምስለኔ ጸሐፊ ስለ ነበሩ እንደሚነግሩን ባላገሩ ከጌታው ይልቅ ምስለኔውን ይፈራ ነበር፤ ጌታው ሲምር ምስለኔው አይምርም። መምሰል ሥልጣን የነበረበት ጊዜም ነበረ ለማለት ነው።

የድሮ ካሴት

ሁላችሁም «መሰለ» ላይ ተተክላችሁ ቀራችሁ። እኔ መምህሩ ለሚሜሲስ «ቀዳ»ን ለምን እንዳልሞከሩ ነው የገረመኝ።

ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት ዘመን የሙዚቃ ቤት ነበረኝ። (ናዝሬት የሚለው ስምም ከገሊላዋ ከተማ የተቀዳ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከተማዋ በ1990ዎቹ ወደ ቀደመ ስሟ ወደ አዳማ ብትመለስም እኔ አፌ እስካሁን ያዳልጠኛል።) ሰው ባዶ የ60 ደቂቃ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ የዘፈኖቹን ዝርዝር በወረቀት ይሰጠኛል፤ እኔ እቀዳለሁ። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን፣ አንዱ ያጫውታል፣ አንዱ ይቀዳል። ከዋናው የተቀዳው ድምፁ ኩልል ያለ ነው፤ ከተቀዳው የተቀዳው ይተፋል፤ በሦስተኛው ላይ ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ደንበኛ «ከማስተሩ ቅዳልኝ» የሚለው ለዚህ ነበር።

አሁን ቃሉን እዩት። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ቡና ከጀበና ይቀዳል፤ ጠላ ይቀዳል፤ ዘፈን ይቀዳል፤ ጽሑፍ ይቀዳል። እናቴ እህቴን «ቡናውን ቅጂ» ስትላት የምትጠራው ፊደል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ርእስ ላይ ያለችው «ቅጂ» ናት። በሁሉም ዘንድ አንድ ምንጭ አለ፣ አንድ መቀበያ ዕቃ አለ፣ በመካከላቸው የሚወርድ ነገር አለ። ከምንጩ በራቅህ ቁጥርም ይደፈርሳል። መምህሩ የጠቀሷቸው አፍላጦንስ ሠዓሊውን የከሰሱት «ከእውነት ሦስተኛ ላይ ነው ያለው» ብለው አይደለም? የእኔ ሦስተኛ ካሴት ማለት ነው።

ኩረጃን አላነሣውም፤ እርሱ የመምህራን ጣጣ ነው።

መምህር ዘአዳማ

ኩረጃስ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ ያስደረገ ነገር ነው። ነገር ግን የኮረጀ ተማሪ መልሱን ቀዳ እንጂ አላስመሰለም፤ የምንነጋገርበት ነገር ውስጥ አይገባም ብዬ ልለፈው።

«ቀዳ» በእርግጥ ቆንጆ ነው፤ የካሴቱም ንጽጽር የአፍላጦንን ክስ ከእኔ ገጽ ይልቅ ግልጽ አድርጎታል። ግን አንድ ይጎድለዋል። ውሃ የሚቀዳ ሰው በውሃው ላይ ምንም አይጨምርም፤ ጥሩ ቀጂ ማለት የማያፈስ ነው። ተማሪዬ መነጽሩን ሲያወርድ የነበረው ነገር ከዚህ ይለያል፤ ያ ሰው በቀን ውስጥ ከሚያደርገው ሺህ ነገር መካከል ሦስቱን መርጦ ነው ያወጣው። ማንም ሁሉንም ቢቀዳ ኖሮ አንስቅም ነበር።

ኢጆሌ አዳማ

አካም ጅርቱ? ውይይቱን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። በቤቴ ሁለቱንም ቋንቋ ስለምንናገር አንድ ነገር ልጨምር።

በአፋን ኦሮሞ መምሰል «ፈካቹ» ነው። ሥዕል «ፈኪ» ይባላል። ምሳሌ «ፈኬኛ» ነው፤ «ለምሳሌ» ለማለት «ፈኬኛፍ» እንላለን። ማስመሰል «ፈኬሱ» ነው፤ አስመሳይ የምትሉትን ሰው ደግሞ «ፈኬሳ» እንለዋለን፤ እርሱም እንደ እናንተው ስድብ ነው። ልብ በሉ፤ አንዱ ቋንቋ ሴማዊ ነው፣ ሌላው ኩሻዊ ነው፤ የቃሎቹ ድምፅ በፍጹም አይገናኝም። ሆኖም ከመምሰል ተነሥቶ ወደ ሥዕል፣ ወደ ምሳሌ፣ በመጨረሻም ወደ ግብዝ የሚወስደው መንገድ ኮቴው ሳይቀር አንድ ነው። ጎረቤታሞች ስለ ሆንን አንዳችን ከአንዳችን ወስደን ይሁን፣ ወይስ ነገሩ ራሱ ወደዚያ የሚመራ ሆኖ ይሁን፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

አያቴ ግን ሕፃን ልጅ የአባቱን አረማመድ ይዞ ከኋላው ሲሄድ ስታይ «አባሳ ፈካታ» ትላለች፤ አባቱን ይመስላል ማለት ነው። ልጁ በተፈጥሮው ይምሰል ወይም ሆን ብሎ ያስመስል፣ አያቴ አትለይም፤ ለእርሷ ሁለቱም ደስታ ናቸው።

አናጢው

የአፍላጦንን ነገር ልጄ አነበበችልኝ። ሦስት አልጋ አሉ ይላል አሉ፤ አንዱ የፈጣሪ፣ አንዱ የአናጢ፣ አንዱ የሠዓሊ። አናጢው የፈጣሪውን አይቶ ይሠራል፣ ሠዓሊው የአናጢውን አይቶ ይሥላል።

ዛሬ ሥርዓቱ ተገልብጧል። ደንበኛ ወደ ቤቴ የሚመጣው ስልኩን ይዞ ነው፤ «ይህንን አስመስለህ ሥራልኝ» ብሎ ፎቶ ያሳየኛል። ባለፈው አንዱ ያመጣው አልጋ ፎቶው የተነሣው ከአንድ ወገን ስለ ሆነ የኋላው እግር አይታይም፤ ራስጌው ከግድግዳው ጋር በምን እንደተያያዘም አይታወቅም። ሠዓሊ ቢሆን ያልታየውን ይተወዋል። እኔ ግን ሰው ይተኛበታልና መተው አልችልም፤ አራተኛውን እግር ከራሴ አውጥቼ ሠራሁት። ደንበኛው ሲረከበኝ «ቁርጥ ፎቶውን አስመስለኸዋል» አለ። ያልታየውን እግር እንዴት እንዳስመሰልኩት አልጠየቀኝም።

ብሩሽ

አናጢው፣ ሠዓሊ ያልታየውን ይተወዋል ያልከው አስቀይሞኛል፤ ቢሆንም ነገርህ ገብቶኛል።

የአጸደ ሕፃናት መምህርት

እኔ የምጨምረው ከትንንሾቹ የሰማሁትን ነው። ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ጠጋ ብላችሁ አዳምጡ። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን፣ እርሱ ደግሞ እንግዳ ይሁን» ነው የሚባባሉት። «አስመስይ» የምትል ልጅ ሰምቼ አላውቅም። ጭቃው ወጥ ነው፣ ቅጠሉ እንጀራ ነው፤ እንግዳው «ጣፋጭ ነው» ይላል፤ የቤቱ እመቤት «ብሉልኝ፣ በሞቴ» ትላለች፤ «በሞቴ» የምትለዋን በእናትየው ድምፅ፣ በእናትየው አንገት ዘንበል ማለት ነው የምትላት። ማንም አልተታለለም፤ ጭቃውንም የሚውጥ የለም።

ትልልቆቹም በቴአትር ቤት ያንኑ ቃል ይዘው ቀጥለዋል። ተዋናይ «ንጉሡን ሆኖ ተጫወተ» ይባላል እንጂ «ንጉሡን አስመሰለ» አይባልም፤ አስመሰለ ከተባለ አላሳመነም ማለት ነው። መምህር፣ ለሚሜሲስ የሚፈልጉት ቃል «መሆን» ይሆን እንዴ?

መምህር ዘአዳማ

መምህርት፣ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ አሳፍሮኛል፤ እኔም «ሆኖ መጫወት» እያልኩ ነው ልጆቹን የማለማምደው። ለተዋናዩ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም። ለብሩሽ በሬና ለአናጢው አልጋ ግን አይሆንም፤ ሠዓሊው በሬን ሆነ አይባልም። ግሪኩ ቃል ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይይዛል፤ አማርኛው በየሥራው ለያይቶ አስቀምጧል። ተዋናይ ይሆናል፣ ሠዓሊ ያስመስላል፣ ደቀ መዝሙር ይመስላል፣ ሙዚቃ ቤት ይቀዳል።

የአብነት ተማሪ ስለ ግብዝ ባነሡት ላይ አንድ ላክል። መደልዋን ወይም ግብዞች ተብሎ የተተረጎመው የወንጌሉ ግሪክኛ «ሂፖክሪቴስ» ነው፤ ይህ ቃል ወንጌል ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት የመድረክ ተዋናይ ማለት ነበር። ስለዚህ ልጅቱ «አስመሳይ!» ስትለው ግሪኮቹ የሄዱበትን መንገድ ከመድረኩ እስከ ስድቡ በአንድ ቃል ሄዳበታለች፤ ልጁ ደግሞ መልሶ ወደ መድረኩ አወጣት። ሁለቱንም ማንም አላስተማራቸውም።

ለገጼ የመረጥኩት ይህ ነው፦ «ሰው ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ያየውን አስመስሎ የመሥራት ዝንባሌ አለው፤ የመጀመሪያ ትምህርቱንም የሚማረው አስመስሎ በመሥራት ነው።» «ያየውን» የምትለውን የጨመርኩት እንደ ተስማማንበት የተመሰለው ነገር እንዲጠራ ነው። «መሥራት»ንም የጨመርኩት ለአናጢው አራተኛ እግር ብዬ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ስድብነቱ ግን ቀርቷል።

የአብነት ተማሪ

«ሰው ያየውን ይመስላል» ቢሉት አጥሮ አይቀመጥም?

መምህር ዘአዳማ

ያጥራል፤ ግን ሳይፈልግም እንደሚመስል ይሆንብኛል፤ ጊደሯም እኮ ሳታስበው ነው የተማረችው። የልጁ መነጽር አወራረድ ታስቦበት ነው።

በነገራችን ላይ ትናንት ክበቡ ተሰብስቦ ነበር። ያቺ ተሳዳቢ ልጅ ተራው ሲደርሳት ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ የሌለ ጠመኔ አንሥታ ለሁለት ሰበረችው፤ ግማሹን ጃኬት ኪስ ውስጥ ከተተች፤ በቀረው ግማሽ አንድ ቃል ጻፈችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ አንገቷን አዘንብላ አነበበችው። ክፍሉ ሲያውካካ ማንን እንደሆነች ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤት ገብቼ ጃኬቴን ስፈትሽ አምስት ግማሽ ጠመኔ አገኘሁ።

ብሩሽ

አስመስላዎታለች ወይ?

መምህር ዘአዳማ

ጠመኔውን አዎ። የአንገቱ ማዘንበል ግን በዝቷል፤ ሻኛው የላም ነው።